ፋሻ የምትፈታዋ እናት

ፍቅርአዲስ ሮቤ ከተማ፣ ከገበያው ጀርባ ባለው ቤቷ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ባሏ ለሊሳ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ በመኸር ወራት ከአጋርፋና ከጎሮ ስንዴ ሲያመላልስ ሳምንት ሙሉ ቤቱን ላያይ ይችላል። ብዙ ዓመት ጠብቀው፣ ተስፋ ወደ መቁረጡ ሲቃረቡ ነበር ወንድ ልጅ የወለዱት። ልጁ ሲወለድ ከጉልበቱ በታች ቆዳ አልነበረውም። የለሊሳ እናት በጨለማ ክፍል ከሩቅ አይተውት ቅላቱን እንደ ውበት ቆጠሩትና «ዲማ» አሉት፤ በኦሮምኛ ቀዩ ማለት ነው። እውነቱን ሲያውቁ አልቅሰው ስሙ ይቀየር አሉ። ፍቅርአዲስ ግን «አንዴ ወጥቶለታል» ብላ እምቢ አለች።

ከጎባ ሆስፒታል ወደ አዲስ አበባ ላኳቸው። እዚያ አንድ የቆዳ ሐኪም በሽታው ከስንትና ስንት ሺህ ልጅ አንዱን የሚይዝ መሆኑን፣ አብሮት እንደተወለደና ወደ ማንም እንደማይጋባ፣ የሚያድነው መድኃኒትም እዚህ አገር እንደሌለ ቀስ ብሎ አስረዳት። የዲማ ቆዳ ከሥጋው ጋር አልተጣበቀም፤ ትንሽ ሲታሽ ውሃ ይቋጥራል፣ ከዚያ ይላጣል። ብብቱን ይዞ ማንሳት የለም። ማዘል የለም። ያለው ውሃ የቋጠረውን በንጹሕ መርፌ ማፍሰስ፣ ቁስሉን ቫዝሊን በተቀባ ጎዝ ሸፍኖ በፋሻ ማሰር፣ በማግስቱ ደግሞ ለብ ባለ የጨው ውሃ አርሶ መፍታት ነው።

ለሊሳ አንዴ ሞክሮ ልጁ ሲጮህ ወጣና መኪናው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የጨው ውሃውን ሳፋ ይዛ የምትገባው ፍቅርአዲስ ብቻ ሆነች። ዲማ ገና አፉን ሳይፈታ የሳፋው ድምፅ ሲሰማ ማልቀስ ተማረ። ቆዳውን እንዳይፍቀው ልብሱን ስፌቱን ወደ ውጭ አድርጋ የምትሰፋለት እሷ ናት፤ ሲተኛ ትንፋሹን የምታዳምጠውም እሷ ናት። ልጁ ግን የሚያውቀው ሳፋውን ነው።

አራት ዓመት እንደሞላው ሀዋኒ የምትባል ወጣት የነፍቅርአዲስን የጓሮ ክፍል ተከራየች። የጎሮ ልጅ ናት፤ ፀጉር ቤት ሹሩባ ትሠራለች። ዲማን ስታየው እንደ ሌላው ሰው ከንፈሯን አልመጠጠችም። አጠገቡ ቁጭ ብላ «ልሳምህ?» አለችው።

«አይነካም» አላት።

«እንግዲያው ሳልነካህ» አለችና ግንባሩ ላይ እፍ አለችበት። ዲማ ከት ብሎ ሳቀ።

ፍቅርአዲስ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ልጇን የት እንደምትስመው ስትጨነቅ፣ እፍ ማለት አንድም ቀን በሐሳቧ ሽው ብሎ አያውቅም። ቅናቱ ያን ጊዜ ገባ።

ከዚያማ ዲማ ከሰዓት በኋላ የግቢው በር ሲንቋቋ «አዳዳ መጣች» ማለት ጀመረ። አዳዳ የአባት እህት ናት። «ደግሞ የለሊሳ እህት ያደረጋት ማነው?» ትላለች ፍቅርአዲስ በሆዷ። ጉሮሮው ስለሚቆስል ምግብ ማስዋጥ ጭንቅ ነው፤ ከእናቱ እጅ አልውጥ ያለውን አጥሚት ግን ከሀዋኒ ተቀብሎ ጭልጥ ያደርገዋል። ጎረቤት ይህን አይቶ «እግዜር እናት ጨመረላችሁ» ሲላት እሷ አሜን ማለት ያቅታታል።

አንድ ቀን ልብስ ስታሰጣ በመስኮቱ የልጁን ድምፅ ሰማች።

«አዳዳ፣ አንቺ ብትወልጂኝ ኖሮ አታሳምሚኝም ነበር አይደል?»

የሀዋኒን መልስ ለመስማት አልቆመችም። እርጥቡን ልብስ ጥላ ገባች። በማግስቱ ሀዋኒን ደጅ ላይ አስቁማ «ሐኪሙ ሰው አይብዛበት፣ ቁስሉ ይመረቅዛል ብሏል» አለቻት። ሐኪሙ እንዲህ አላለም።

«እሺ እትዬ» አለች ሀዋኒ። ከዚያ በኋላ ሥራ ስትሄድ በመስኮት «ዲማ፣ አካም ጂርታ?» ብላ ሰላም ብላው ታልፋለች። ፍቅርአዲስ ብርዱን አመካኝታ መስኮቱን ዘጋችው። ልጁ ምግብ አሻፈረኝ አለ፤ አዳዳን ጥሩልኝ ብሎ ያለቅሳል። እናቱም አለቀሰች፤ ግን በንዴት ነበር። «እፍ ማለት ለማን ይከብዳል? ሳፋውን ይዛ ትግባና እንያት» አለች።

አንድ እሑድ ጠዋት ሀዋኒን ጠራቻት። «እጄን መርፌ ወግቶኛል፤ ዛሬ አንቺ ፍቺለት።»

መርፌው እውነት ወግቷታል፤ ግን በየቀኑም ይወጋታል።

ዲማ አዳዳው ስትገባ አይቶ ፊቱ በራ። ሀዋኒ እጇን ታጠበች፣ ፋሻውን አራሰች፣ መፍታት ጀመረች። ተረከዙ ጋ ስትደርስ ጎዙ ገና አልራሰም። ፍቅርአዲስ በሩ ላይ ቆማ አይታዋለች። «ቆይ፣ ውሃ ጨምሪበት» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር። ያዘችው። ሀዋኒ ሳበችው፤ ቆዳው አብሮ መጣ።

የልጁ ጩኸት ግቢውን ሞላ። «እማ! አንቺ ነይ፣ እሷ አታውቅም!»

ፍቅርአዲስ ዘላ ገባች፤ ተረከዙን በመዳፏ ደግፋ ውሃ እያፈሰሰች አባበለችው። የፈለገችውን አግኝታለች። ሀዋኒ ከውኃ ቧንቧው ሥር ተቀምጣ ስታስመልስ በበሩ እያየቻት እንኳ ደስታው ከልቧ አልወጣም።

ዲማ ከዚያ ወዲያ ስለ አዳዳ አልጠየቀም። የመጀመሪያውን ቀን እናቱ እፎይ አለች። ልጁ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መዋል ጀመረ። አይስቅም፣ አይጣላም። ሳፋው ሲመጣም ዝም ብሎ እግሩን ይዘረጋል። ዝምታው ከለቅሶው ይልቅ አስፈራት። የሚስቅበትን አንዱን ሰው በገዛ እጇ እንደወሰደችበት ገባት።

ፀጉር ቤቱ ድረስ ሄደች። ሀዋኒ የአንዲት ሴት ሹሩባ ትሠራ ነበርና ቀና አላለችም።

«ጎዙ እንዳልራሰ ታውቂ ነበር» አለቻት።

«አውቅ ነበር። ሐኪሙም ምንም አላለም። ቀንቼብሽ ነው።»

ሹሩባ የሚሠራላት ሴት ዞር ብላ አየቻት። ፍቅርአዲስ እንደ ቆመች ጠየቀች፤ «ብትወልጂኝ አታሳምሚኝም ነበር ሲልሽ ምን ብለሽ መለስሽለት?»

«ብወልድህ ኖሮ እኔም አሳምምህ ነበር አልኩት» አለች ሀዋኒ። «አሁን ሂጂ፣ ሥራ ይዣለሁ።»

በዚያ ሳምንት አልመጣችም። በሚቀጥለው መጣች፤ ለፍቅርአዲስ ሰላምታም አልሰጠች። ዲማ ሲያያት እግሩን በብርድ ልብሱ ሸፈነ። እሷም በሩ አጠገብ ተቀምጣ ከሩቅ እፍ አለችበት።

«ደረሰህ?»

«አልደረሰም።»

ትንሽ ጠጋ ብላ ደገመችው። «አሁንስ?» «አልደረሰም» አለ፤ ከንፈሩ ግን ሳቅ ይዞታል። አልጋው ጋ እስክትደርስ አስጠጋት። ፍቅርአዲስ ጓዳ ሆና ስትሰማ ያው የድሮው ቅናት ተመለሰባት። አሁን ግን ወጥታ በሩን አልዘጋችም፤ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ፔዳሉን መርገጥ ቀጠለች።

ዛሬ ዲማ ስድስት ዓመቱ ነው። ፋሻውን ራሱ ያርሳል፤ እናቱ ከቸኮለች «ገና ነው» ብሎ ይቆጣታል። ቁስሉ ዛሬም አለ። ሀዋኒን ደግሞ ባለፈው ጥር አንድ የጎሮ ነጋዴ አጫት። ይህን ቀን ፍቅርአዲስ በስለት ስትጠብቀው ኖራ ነበር፤ ወሬውን ስትሰማ ግን ስፌቷ ተበላሸባት።

የሠርጉን ቀሚስ የምትሰፋው እሷ ናት። ልኩን ስታስተካክል «ሰውየው ልጅ ይወዳል?» አለቻት።

«ይወዳል።»

«ሲታመምስ? ቁስል ያያል?»

ሀዋኒ ሳቀች። «እትዬ፣ አሁን ደግሞ በማን ነው የቀናሽው?»

ፍቅርአዲስ መርፌ ቁልፎቹን አፏ ውስጥ አድርጋ ወደ ቀሚሱ ጠርዝ ጎንበስ አለች።