የካፒቴን ዘካርያስ ሂሳብ

ትእዛዙ የደረሰን ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ነበር። «ቁስለኞቹን ወደ ኮረብታው ጀርባ አውርዱ። ሄሊኮፕተር ይመጣል። ሰው ብቻ ይጫናል፤ መሣሪያ እዚያው ይቀራል።» በሬዲዮ የሰማነው ይኸው ነው። እኔ የጋንታው የሕክምና ባለሙያ ነበርኩ። ጓደኞቼ «ዶክተር» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር እንጂ የተማርኩት ሦስት ወር ብቻ ነው። በእጄ ያሉት ቁስለኞች ዘጠኝ ነበሩ።

ይህን የምጽፈው የካፒቴን ዘካርያስ ልጆች ስለጠየቁኝ ነው። አባታቸው ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው። «ጦር ሜዳ ላይ የሚያውቋቸው እዚህ ሶዶ ውስጥ እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ይጻፉልን» አሉኝ። የጀግና ታሪክ እንደጠበቁ አውቃለሁ፤ ጀግንነቱም አለበት። ነገር ግን የእኔም ጥፋት አብሮ ስላለበት እሱን ዘልዬ መጻፍ አልሆነልኝም።

ኮረብታው ሰሜን ግንባር ነው። ሁለት ቀን ይዘነው ቆይተናል፤ ስድስት ጓዶቻችንን ቀብረናል። ከፊት ለፊታችን ካለው ሸንተረር ሞርታር ይተኩሱብን ነበር። መጀመሪያ ያስረዝማሉ፣ ቀጥሎ ያሳጥራሉ፣ ሦስተኛው ላይ ያገኙናል። ይህን ከለመድን በኋላ ሁለተኛው ሲወድቅ ማንም ባለበት አይቆምም ነበር።

መሣሪያ ይቀራል የሚለውን ግን ማንም አልወደደውም። ወታደር ከሆስፒታል ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ቁስሉ አይደለም፤ «መሣሪያህስ?» ነው። ከእኛው ጋንታ አንዱ እግሩን አጥቶ፣ ክላሹን የት እንደጣለ ለማስረዳት ሦስት ጊዜ ምርመራ ቀርቧል። ቁስለኞቹ ይህን ስለሚያውቁ ለመኑኝ። «ዶክተር፣ ከብርድ ልብሱ ስር አድርግልኝ። ማን ያየዋል?» አደረግኩ። ስምንት ክላሽ ከነዝናሩ፤ የመርክነህን መትረየስ ደግሞ ከሁለት ሳጥን ጥይት ጋር።

መርክነህ የሁምቦ ልጅ ነበር፤ እኔ የቦምቤ ነኝ፤ ሁለታችንም አፋችንን የፈታነው በወላይትኛ ነው። ጭኑን ተመቷል። አስሬለታለሁ፤ ያወራል፣ ይሳደባል፣ ውሃ ይጠይቃል። ከዘጠኙ ቁስል የቀለለው የእሱ ነው ብዬ ነበር።

ሄሊኮፕተሩ ሰባት ሰዓት ላይ በሸለቆው ውስጥ ዝቅ ብሎ ደረሰ። አቧራው ሳይረጋ አብራሪው በመስኮት አንገታቸውን አወጡ። ካፒቴን ዘካርያስ ናቸው፤ ያን ጊዜ ሻምበል ነበሩ። ቀጭን፣ ላባቸው ካገጫቸው የሚንጠባጠብ ሰው።

«ስንት ናችሁ?»

«ዘጠኝ።»

ሰዓታቸውን አዩ፣ ሰማዩን አዩ። «ቦታው ከፍታ ነው፤ ሙቀትም አለ፤ አየሩ ስስ ነው። ዘጠኝ ሰው እችላለሁ። አሥር አልችልም። መሣሪያ አለ?»

«የለም፣ ሻምበል» አልኩ።

ጫንን። ሞተሩ ጮኸ። ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ተነሳ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። እንደገና ሞከሩ፤ ያው ሆነ። የመጀመሪያው ሞርታር አልፎን ከኋላ ሸለቆው ውስጥ ወደቀ።

ሻምበሉ ዞረው አዩኝ። «ዘጠኝ ነው ያልከኝ?»

«ዘጠኝ ነው።»

«እንግዲያው የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። አንድ ሰው ይውረድ። ቶሎ።»

ሁለተኛው ከፊታችን ወደቀ። ድንጋይ ዘነበብን።

ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። ብርድ ልብሱን ገልጦ መትረየሱንና ሳጥኖቹን መጣል የአንድ ትንፋሽ ሥራ ነው። አልተናገርኩም። ለመኮንን ዋሽቼ ነበር፤ በጓደኞቼ ፊት ውሸታም መባልን ፈራሁ። ከሞርታሩ ይልቅ ይህን ፈራሁ ብል የሚያምነኝ ላይኖር ይችላል፤ እውነቱ ግን ይህ ነው።

መርክነህ እጁን አነሳ። «እኔ ልውረድ። ጭኔ ብቻ ነው፤ እጠብቃለሁ።» እሱም ስለ መሣሪያው ትንፍሽ አላለም። ጓደኞቹን ላለማጋለጥ ይሁን ለእኔ ብሎ፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ተሸክሜ ሳወርደው ሻምበሉ በወላይትኛ ጮኸው ጠየቁት። ስሙን ስጠራ ሰምተው የአገራቸው ልጅ መሆኑን አውቀው ነው መሰለኝ።

«የየት ልጅ ነህ?»

«የሁምቦ።»

«አስራ አንድ ሰዓት ላይ አየሩ ይቀዘቅዛል። እመጣለሁ። ጠብቀኝ።»

ተነሱ። መርክነህን ከአለቱ ጀርባ ጎትቼ ሳስገባው፣ ሦስተኛው ሞርታር ጎማዎቹ ከነበሩበት ቦታ ላይ ፈነዳ። ሄሊኮፕተሩ ትንሽ ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ዘጠኙም፣ ሻምበሉም፣ እኔም እዚያው እንቀር ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ በመርክነህ ጭን ላይ ያሰርኩት ጨርቅ እየረጠበ መጣ። ከውስጥ የተቆረጠ ደም ስር ነበር፤ እኔ አላየሁትም። በሁለት እጄ ተጫንኩት። «ስንት ሰዓት ሆነ?» ይለኛል። እነግረዋለሁ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ስንት ሰዓት ሆነ?» ይላል። አስር ሰዓት ካለፈ በኋላ መጠየቁን ተወ። እኔ ግን እጄን አላነሳሁም፤ አንድ ጓዳችን መጥቶ ነው ያስለቀቀኝ።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሄሊኮፕተሩ እንደተባለው መጣ። ሻምበል ዘካርያስ ሞተሩን ለረዳታቸው ትተው ራሳቸው ወረዱ።

«የሁምቦው ልጅስ?»

በእጄ ወደ ብርድ ልብሱ አመለከትኩ። በትከሻው በኩል እሳቸው ያዙ፣ በእግሩ በኩል እኔ፤ ጫንነው።

ከጦርነቱ በኋላ ሻምበሉ የመንገደኛ አውሮፕላን አብራሪ ሆኑ። ሻምበል መባሉ ቀርቶ ካፒቴን ተባሉ። እኔ ሶዶ መናኸሪያው አጠገብ መድኃኒት ቤት ተቀጠርኩ። ጡረታ ወጥተው ሶዶ ሲገቡ የደም ግፊታቸውን የምለካላቸው እኔ ሆንኩ። ገና በመጀመሪያው ቀን አወቁኝ። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጡ ነበር።

ጨዋታ ያውቃሉ። ሻንጣ ጫኞች እንዴት ይፈሯቸው እንደነበር ይነግሩኛል፤ የጭነቱን ወረቀት ሦስት ጊዜ ሳያዩ ተነስተው አያውቁም። አንድ ማክሰኞ እየሳቅኩባቸው «ይህን ያህል ምን አስፈራዎት?» አልኳቸው።

«አንድ ጊዜ ሂሳብ ተሳስቼ ሰው ገድያለሁ» አሉኝ። «አንተም ነበርክ። በየዓመቱ ሁምቦ እሄዳለሁ፤ ለእናቱ ነግሬያቸዋለሁ።»

ሁምቦ ከሶዶ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። እኔ አንድ ቀን ሄጄ አላውቅም።

መለኪያው ክንዳቸው ላይ እንደተጠመጠመ ነገርኳቸው። ሳልሸሽግ፣ ምንም ሳላስቀር። ወረቀት ጠየቁኝ። ስምንት ክላሽ፣ ዝናሮቹ፣ መትረየሱ፣ ሁለቱ ሳጥን፤ አንድ በአንድ ጻፉና ደመሩ።

«ዘጠና ኪሎ» አሉ። «ሂሳቤ ልክ ነበር።»

ለአፍታ ፊታቸው ቀለል ሲል አየሁ። ከዚያ ጠቆረ። መለኪያውን ራሳቸው ፈቱና እጅጌያቸውን እንኳ ሳይመልሱ ወጡ። ሁለት ማክሰኞ አልመጡም። እኔም ልፈልጋቸው አልደፈርኩም፤ በፍርሃት ከዚያ ኮረብታ ያልተለየ ሁለት ሳምንት ነበር።

በሦስተኛው መኪናቸውን በር ላይ አቆሙ። «ተነስ፤ ሁምቦ እንሄዳለን። ለእናቱ በየዓመቱ ያልሆነ ነገር ስነግራቸው ኖሬያለሁ። አንተ ታስተካክላለህ።»

ቁልቁለቱን ስንወርድ ሙቀቱ እየጨመረ ሄደ። የመርክነህ እናት ጥላ ስር ተቀምጠው በቆሎ ይፈለፍላሉ። ካፒቴኑን ሲያዩ «ልጄ» ብለው ሳሟቸው። እኔ ማን እንደሆንኩ ጠየቁ። ተንበርክኬ በወላይትኛ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ብርድ ልብሱን፣ ውሸቱን፣ ዝም ያልኩበትን ሰዓት። እጃቸው በቆሎው ላይ ቆመ።

ከዚያ «መትረየሱስ ደረሰ?» አሉኝ።

«ደርሷል፣ እማማ።»

«ይህን ሰው በየዓመቱ እፊቴ ሲያለቅስ አየዋለሁ። አንተ የት ነበርክ?»

«ሶዶ» አልኩ።

ካፒቴኑ አጠገባቸው ተቀምጠው በቆሎውን ይፈለፍሉ ጀመር። ከዚያ ቀን በኋላ ማክሰኞ ማክሰኞ መምጣታቸውን ቀጠሉ። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ክንዳቸውን ዘርግተው ይሰጡኛል፣ እለካለሁ፣ ቁጥሩን እነግራቸዋለሁ፤ ቁጥሩን ያምኑኛል።

ልጆቹ ኮረብታው ላይ ስንት ሰው እንደሞተብን ጠይቀውኛል። ሰባት ነው። ስድስቱን ጠላት ገደላቸው። ሰባተኛውን በጠላት ስም መጻፍ አልቻልኩም፤ በአባታቸውም ስም እንዲጻፍ አልፈቅድም።