የነቢዩን ዘመን አልፈጥርም

ኪሽዋርን የማውቃት ከልጅነታችን ጀምሮ ነው፤ ግቢያችንን የሚለየው አንድ የጭቃ ግንብ ነበር። መንደራችን ኢራን ውስጥ ነው፤ ከያዝድ ከተማ በአህያ ግማሽ ቀን ያስኬዳል። አባቷ ሞበድ ነበሩ፤ የቤተ እሳቱን እሳት የሚጠብቁ ካህን። ለሁለት ወንድሞቿ ጋታን፣ ነቢያችን ዛርቶሽት ራሱ የተቀኛቸውን መዝሙሮች፣ በቃል ሲያስጠኑ እሷ ጓዳ ተቀምጣ ሱፍ ትፈትላለች። ወንድሞቿ ስንኝ ሲስቱ ከዚያው ሆና ታርማቸዋለች።

«ዝም በይ፤ ይሄ የሴት ሥራ አይደለም» ይሏታል አባቷ።

«እሺ፣ ዝም እላለሁ። እነሱ ግን አስተካክለው ይበሉት።»

ወንድሞቿ ቦምባይ ወርደው ነጋዴ ሆነው ቀሩ። መዝሙሩ እሷ ዘንድ ቀረ።

አድጋ የመንደሩ መምህር ሆነች። አላገባችም። ከቴህራን መጻሕፍት እያስመጣች የጋታን ጥንታዊ ቋንቋ ሃያ ዓመት ሙሉ ብቻዋን ተማረች፤ ከልጅነቷ በቃሏ የምትለው ነገር ምን ማለት እንደሆነ የገባት ያኔ ነው። አንድ ቀን በግንቡ ላይ ጠራችኝ።

«ጎሃር፣ ስሚ እስቲ። ይሄ ሰው የሚያወራው ስለ ላም ነው፣ ስለ ግጦሽ፣ ከብት ስለሚነዱ ቀማኞች። ስለ ፋርስ አንድ ቃል የለውም። ስለ እነ ዳርዮስም የለውም። ቋንቋው ደግሞ የህንዶቹ የጥንት መዝሙር እህት ነው።»

«ታዲያ ምን ይሁን?»

«ታዲያማ ከነገሥታቱ በፊት ነው የኖረው። ሦስት ሺህ ዓመት ይሆነዋል፣ ምናልባትም ከዚያ ያልፋል። ዓመቱን ቆርጦ የሚነግርሽ ካለ ግን ዋሽቶሻል።»

ጣጣው የመጣው የማኅበራችን አዲስ አዳራሽ ሲሠራ ነው። ሊቀመንበሩ ኢንጂነር ናምዳር፣ ቴህራን ተምሮ የተመለሰ የመንደራችን ልጅ፣ በበሩ ድንጋይ ላይ «ከስምንት ሺህ ዓመት በፊት የተነሣው ነቢይ» የሚል ጽሑፍ አስቀረጸ። ከዚያ በስብሰባ ፊት አስነሣት።

«እትዬ ኪሽዋር፣ ከነገ ጀምሮ ልጆቹ ስምንት ሺህ ዓመት ብለው ያጥኑ። ግሪኮቹ ሳይቀሩ ጽፈውታል።»

«ግሪኮቹ ከማን ሰሙት?»

«እሱ ምን ያደርግልሻል? ስንት ዘመን እሳት አምላኪ እያሉ ሲሰድቡን ኖሩ። አሁን እንኳ ልጆቻችን ቀና ብለው ይሂዱ።»

«ይሂዱ። ግን ልጁ ነገ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ፣ አንድ አስተማሪ ይችን ቁጥርህን በአንድ ጥያቄ ይጥልበታል። ያን ቀን ቁጥሯ ብቻ አይደለችም የምትወድቅበት።»

አጎቷ ሞበድ ቲርአንዳዝ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «እኔ ከአባቶቼ የሰማሁት ከእስክንድር በሁለት መቶ ሃምሳ ስምንት ዓመት እንደሚቀድም ነው።»

«አጎቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እሱንም አላስተምርም። ያኔ ነገሥታቱ ደርሰው ነበር፤ መዝሙሩ ግን አያውቃቸውም።»

ከኋላ አንዱ «አዋልደሽው ከሆነ ቀኑን ንገሪና!» ብሎ ሰውን አሳቀ።

«አዋላጁ ብሆን እነግርህ ነበር። አልነበርኩም። አንተም አልነበርክም።»

ናምዳር ፊቱ ቀላ። «ወይ ታስተምሪያለሽ፣ ወይ የክፍሉን ቁልፍ ታስረክቢያለሽ።»

ቁልፉን ከመጎናጸፊያዋ ጫፍ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ወጣች። አንድ ሰው አልተከተላትም። እኔም አልተከተልኳት፤ እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ።

ሴቶቹ በውሃው መንገድ ሲያገኟት ፊታቸውን አዞሩባት፤ ነቢያችንን አሳነሰችው ተባለ። እሷ ግቢዋ ውስጥ ምንጣፍ አንጥፋ ማስተማር ጀመረች። በመጀመሪያው ሳምንት የመጡት ሁለት ልጃገረዶች ናቸው፤ አንዷ የእኔ ልጅ ነበረች፣ ደፍሬ የላክኋት። ኪሽዋር «ዛርቶሽት መቼ ኖረ?» ብላ ትጠይቃቸዋለች፤ «በጣም ጥንት ነው፤ ዓመቱን አናውቅም» ሲሉ ድምፃቸው ቀጠን ካለ ታስደግማቸዋለች። «አናውቅም ማለት አያሳፍርም። ጎላ አድርጋችሁ በሉት።»

በመህረጋን፣ በመኸር ወቅት በዓላችን፣ ናምዳር አጎቷን ሞበዱን በሕዝብ ፊት እንዲያወግዟት ለመናቸው። ሽማግሌው ተነሡ።

«በዘመኑ ነገር አልስማማትም» አሉ። «ግን መዝሙሩን ስልሳ ዓመት ሙሉ ብየዋለሁ፤ ምን እንደሚል የነገረኝ ሰው የለም። እንዴት አድርጌ ነው የማወግዛት? ልጠይቃት ነው የምሄደው።»

በማግስቱ ጠዋት ሄደው ከልጆቹ ጋር ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። እሷ አንድ ስንኝ ትፈታለች፣ እሳቸው ይከራከሯታል፣ ልጆቹ ይስቃሉ። ከሳምንት በኋላ ምንጣፉ አልበቃ አለ፤ እኔም የራሴን ይዤ ሄድኩ።

ድንጋዩ አልተነሣም፤ ስምንት ሺህ እንዳለ ቆሟል። የክፍሉንም ቁልፍ የመለሰላት የለም፣ እሷም አልጠየቀች። ዘንድሮ ሰባ ስድስት ሞላት። ናምዳር እስካሁን ሰላም አይላትም፤ እሷ ግን ባየችው ቁጥር ከመንገዱ ማዶ ሆና፣ ሰው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ፣ ሰላም ትለዋለች።