አርዲስ በስልሳ ስምንት ዓመቷ ዋና ስትማር

አርዲስ ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ የወጣች ተረበኛ ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ፣ ትምህርት ሲዘጋ የልጅ ልጆቿን ብሪታንና ኦወንን ይዛ ሰሜን ሚኒሶታ ሐይቅ ዳር ወዳለችው የቤተሰቡ የእንጨት ቤት ትሄዳለች፤ ነሐሴ ሳያልቅ አትመለስም። እዚያ ዓሣ ታጠምዳለች፣ ጀልባ ትቀዝፋለች። ውሃው ግን ከጉልበቷ አልፎ አያውቅም።

ባለፈው ሐምሌ የዘጠኝ ዓመቷ ብሪታ ነቃችባት።

«አያቴ፣ ዋና አትችይም እንዴ?»

«ፀጉሬ እንዳይበላሽ ብዬ ነው።»

«የቱ ፀጉርሽ?» አለ ታናሽየው ኦወን።

አርዲስ ሳቀችና እውነቱን አወጣችው። በልጅነቷ ወንድሞቿ ለቀልድ ብለው ከጀልባ ላይ ወርውረዋት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ውሃ እንደፈራች ቀረች። ይህን ለባሏ እንኳ ነግራው አታውቅም።

ብሪታ አልሳቀችም። በማግስቱ ጠዋት የአያቷን እጅ ይዛ ወደ ሐይቁ አስገባቻት።

«በጀርባሽ ተኚ፣ እኔ ደግፌሻለሁ። ሆድሽን ወደ ላይ አድርጊው!»

«እሱስ ድሮም ወደ ላይ ነው።»

አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ውሃ እየጠጣች ስታስልና ስትራገም ሰነበተች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ብሪታ ሳትነግራት እጇን ከሥሯ አወጣች። አርዲስ ሰማዩን እያየች ተንሳፍፋ ቆየች።

«እንዳትለቂኝ!»

«ቅድም ነው የለቀቅኩሽ።»

ልትቆጣት አሰበች፤ ግን በጣም ተመችቷት ስለነበር ቁጣውን ለምሳ ሰዓት አቆየችው።