ቀፎ ውስጥ ያገገመችው ድመት

ቦንጋ ገበያ ውስጥ ማርና ኮረሪማ እየሸጥኩ ነው ያረጀሁት። ማር ላይ ስኳር የቀላቀለብኝን ሰው በጣቴ ቀምሼ አውቀዋለሁ፤ ሰው ላይም ብዙ አልሳሳትም። ድመቴን ግን እኔ አልመረጥኳትም። አንድ ክረምት ራሷ ገብታ ሱቁን አየች፣ ጆንያዎቹን አሸተተች፣ አይጦቹን አየች፣ በዚያው ሥራ ጀመረች። ስለ ደሞዝ አልተነጋገርንም። ማታ ማታ ትሠራለች፤ ቀን ግን ቤት የሚባል አታውቅም። ከሥጋ ቤቶቹ ጣሪያ እስከ ባጃጅ ተራው ያለው ሁሉ የእሷ ቀበሌ ነው።

ዝናብ በጣለ ማግስት ከጣሪያ ስትወርድ አንሸራትቷት፣ ወጣ ብሎ የነበረ የቆርቆሮ ጫፍ ሆዷን ቀደደው። እየተጎተተች መጥታ በማር ባልዲዎቹ መካከል ተኛች። በነጠላዬ ጠቅልዬ ባጃጅ ያዝኩ።

“እትዬ፣ ሕፃኑን ምን ነካው?” አለኝ ሹፌሩ።

“ሕፃን አይደለም። ሠራተኛዬ ናት።”

በመስታወቱ ነጠላውን ደጋግሞ እያየ ነዳ።

የእንስሳት ሐኪሙ ዕድሜውን በበሬና በላም የጨረሰ ሰው ነው። ነጠላውን ገልጦ አየና “እውነቱን ልንገርዎ፣ ድመት ሰፍቼ አላውቅም” አለኝ።

“ቆዳ ያው ቆዳ አይደል?”

“እንዲያ ከሆነማ የእርስዎ ማርና የስኳር ውሃም አንድ ነው በሉኛ!”

ይህን ሲለኝ ወደድኩት። የማያውቀውን ነገር አላውቅም የሚል ሰው ሲያውቅ ደህና አድርጎ ነው። ማደንዘዣ ወጋት፤ ካሉት ክሮች ሁሉ ቀጭኑን መርጦ እያንዳንዷን ስፌት ትንፋሹን ይዞ ሰፋ። ሲጨርስ ግንባሩ በላብ ርሶ ነበር።

“ሁለት ሳምንት መውጣት የለም፣ መዝለል የለም፣ ቁስሉን መላስ የለም” አለኝ። “ስፌቱ ከተከፈተ ደግሜ የምይዝበት ጤነኛ ቆዳ አላገኝም። ያኔ አለቀላት።”

“ዶክተር፣ ይቺን ድመት ያውቋታል?”

“ዛሬ ገና አየኋት።”

“ለዚህ ነዋ መዝለል የለም የሚሉት።”

እንዳትልሰው የሕፃን ሹራብ እጅጌ ቆርጬ፣ ለእግሮቿ ቀዳዳ አውጥቼ አለበስኳት። ከሱቁ ጀርባ ያለችው ክፍል መኖሪያዬ ናት፤ እዚያ ዘጋሁባት። ሁለት ቀን ተኛች። በሦስተኛው ቀን በሩ ሥር ተቀምጣ መናገር ጀመረች። ጩኸት አይደለም፤ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ ዕድል የተነፈገ ሰው ዓይነት ማጉረምረም ነው። ቀኑን ሙሉ አላቆመችም።

ግድግዳ የምትጋራኝ ቅቤ ሻጭ ብቅ አለች። “አንቺ ሴትዮ፣ ድመት ታስሪያለሽ? ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ሲባል አልሰማሽም? ልቀቂያት፣ ከዳነችም ትዳን!”

“አንቺ ቅቤሽን ፀሐይ ላይ ትተሽ ካልቀለጠም አይቅለጥ ትያለሽ?”

“ሹራብ ደግሞ! ለከርሞ ትምህርት ቤት ታስገቢያታለሽ።”

“እኔንና አንቺን ለመብለጥ አንድ ሴሚስተር ይበቃታል” አልኳት። ሁለታችንም ፊደል የቆጠርነው የመኪና ላይ ጽሑፍ እያነበብን ነው።

እንዲህ ብላትም ፈርቼ ነበር። ድመቷ በሩን መቧጨር ጀምራለች፤ አንድ ጊዜ ብትዘል ያ ሁሉ ልፋት ገደል ገባ። ቁጭ ብዬ አየኋት። ገዢ አፉ የሚለውን አይደለም የሚፈልገው፤ ዓይኑ የሚያርፍበትን ነው። የእሷ ዓይን በሩ ላይ አልነበረም፣ መስኮቱ ላይ ነበር። የፈለገችው ከፍታ ነው፤ ከላይ ሆና መንደሩን መቆጣጠር። ከፍታ ደግሞ ያለ ዝላይ እንዴት ይገኛል?

ጥግ ላይ የቆመ ቀፎ ነበር። ማር የሚያመጡልኝ አንድ አዛውንት ጫካ ዛፍ ላይ የሚሰቅሉትን ቀፎ እኔ ጋ ያሳድሩታል፤ ከቀርከሃና ከሐረግ የተሠራ፣ ረጅም፣ ሁለቱም ጫፉ ክዳን ያለው። መስኮቱ ሥር የኮረሪማ ጆንያ ደራርቤ ቀፎውን አጋደምኩት። በመስኮቱ በኩል ያለውን ክዳን አውጥቼ አፉ ላይ ቀርከሃ ረበረብኩ፤ የኋላውን እሷን ሳስገባና ሳስወጣ ብቻ እከፍተዋለሁ። ውስጡ ጠባብ ስለሆነ በሆድ መሳብ እንጂ መዝለል አይቻልም። አገጯን ጠርዙ ላይ አድርጋ ወደ ሺሺንዳ የሚጣራውን ሚኒባስ፣ ውሻውን፣ ቅቤ ሻጯን አንድ በአንድ ስትቆጣጠር ዋለች። ማጉረምረሙ ቆመ።

የሚቀራት አደን ነበር። ሥጋውን በሳህን መስጠት ተውኩና ጥፍር በምታህል ቁራጭ እየቆረጥኩ በጆንያ እጥፋትና በባዶ የኮረሪማ ገለባ ውስጥ ሸሸግኩላት። በሆዷ ተኝታ በአፍንጫዋ ፈልጋ ታወጣለች። ጠዋት ጠዋት ከመንገድ ዳር ጤዛ ያለበት ሣር አመጣለሁ፤ ማን እንዳለፈበት እያሸተተች ትመረምራለች። ውጭ መውጣት ካልተፈቀደላት ውጭው ይግባላት ብዬ ነው። በራሴ እየተደነቅኩ ነበር።

መደነቅ ደግ አይደለም። ሁለተኛው ሳምንት ሲጀምር ዝናቡ አባራ፤ ጫካው አብቦ ሽታው ከተማ ድረስ ይመጣል። ፀሐይ ትሙቅ ብዬ መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፈትኩላት። አዛውንቱ ማር አምጥተው ሱቅ ውስጥ እየመዘንኩላቸው ሳለ የሚያውቀው ሰው የማይሳሳተውን ድምፅ ሰማሁ። ሮጬ ገባሁ። የቀፎው አፍ ላይ ንቦች ይገባሉ፣ ይወጣሉ።

ወዲያው ገባኝ። ቀፎው ለጫካ ተዘጋጅቶ ያለቀለት ነበር፤ ውስጡ ሰም ተቀብቷል፣ ሽታ ባለው እንጨት ታጥኗል። ይህ የሚደረገው ንብ ለመጥራት ነው። ዕድሜ ልኬን ማር የሸጥኩ ሴት፣ በአበባ ወቅት፣ የንብ መጥሪያ መስኮት ላይ ዘርግቼ ድመቴን ውስጡ አስቀምጫለሁ! የመጡት ቤት መራጮቹ ናቸው፤ መንጋው ከኋላቸው ነው። ድመቷ ጆሮዋን አጣብቃ፣ ጀርባዋን ሰብስባ፣ ቀርከሃውን በጥሳ ልትወረወር ተዘጋጅታለች።

አዛውንቱ ከኋላዬ ናቸው። “አትሩጪ” አሉኝ በዝግታ። “ንብ ቤት ሲያይ አይቆጣም። ሰው ሲደነግጥ ነው የሚቆጣ።”

“ጋሼ፣ ከዘለለች ሞተች!”

“ከኋላ አውጪያት። ፊቱን ለእኔ ተዪው።”

ጋቢያቸውን በቀፎው አፍ ላይ በቀስታ ጣሉት። እኔ የኋላውን ክዳን ከፍቼ እጄን እስከ ትከሻዬ ሰደድኩ፤ በሹራቡ ይዤ ወደ ኋላ መሳብ ጀመርኩ። እሷ አውራ ጣቴን ነከሰች። አንዲት ንብ ክርኔ ላይ ነደፈችኝ። ሁለቱም መብታቸው ነው፤ እጄን ግን አላላሁም። እቅፌ ውስጥ እንዳደረግኳት ቀበቶ እንደፈታ ሰው ትንፋሼ ወጣ። ሹራቡን ገልጬ አየሁ። ደም የለም። ስፌቱ እንዳለ ነው።

አዛውንቱ ቀፎውን እያዩ ፈገግ አሉ። “ጥሩ ቀፎ ነው” አሉ። “ይህን ይዤ ልሂድ። ለአንቺ ድመት ያልታጠነ አመጣላታለሁ።” በማግስቱ አመጡ። ቅቤ ሻጯም ለተነደፍኩበት ቦታ ቅቤ ይዛ መጣች፤ እየቀባችኝ በዓይኗ ግን ሹራቡን ትፈልግ ነበር። “አልተከፈተም አይደል?” አለችኝ ቀስ ብላ፣ ሰው እንዳይሰማት።

ሁለቱ ሳምንት ሲሞላ ሐኪሙ ሹራቡን አወለቀ። አየ። መነጽሩን አድርጎ እንደገና አየ።

“አንዱም አልላላም” አለ። “ላም እንኳ እንዲህ አድርጎ የሚያስታምምልኝ የለም።”

“ለላም የሚበቃ ሹራብ ከየት ይመጣል ዶክተር?”

ክሮቹን አንድ በአንድ ቆርጦ አወጣ። ለባልደረቦቹ ለማሳየት በስልኩ ፎቶ ሊያነሳ ሲል “እጅዎን ትንሽ ዞር ያድርጉልኝ” አለኝ።

“አይሆንም” አልኩት። “ስፌቱ የእርስዎ ነው። ሁለቱ ሳምንት ግን የእኔ ነው። እጄም ይግባ።”

ሳቀ። የተነከሰውን ጣቴን ከነቅርፊቱ ከሆዷ አጠገብ አድርጎ አነሳን።