ጅቡ የተኛበት መንገድ

ልጅ ሳለሁ፣ ሱሉልታ ውስጥ መብራት በጠፋ ቁጥር የምንሮጠው ከቤታችን ጀርባ ይሠራ ወደነበረው ፎቅ ነበር። አባቴ ያስቀጠራቸው ዘበኛ፣ ኦቦ ገመዳ፣ የጣውላ ቁርጥራጭ አንድደው ይጠብቁናል። ጭሱ ሲሚንቶ ሲሚንቶ እየሸተተ ዓይናችንን ያስለቅሳል፤ እኛ ግን ተጠጋግተን እንቀመጣለን። ኦቦ ገመዳ ዝም ብለው አይተርኩም ነበር። ተረቱን የሰማ ልጅ በሌላ ምሽት ቆሞ መልሶ መተረክ አለበት። እኔ ድምፄ የትንኝ ስለነበር ተራዬ ሲደርስ ከሌሎቹ ልጆች ጀርባ እሸሸጋለሁ።

ያኔ አባቴ አዲስ የገዛውን ቦታ በቆርቆሮ አጥሮ ነበር። ወደ ምንጩ የሚወስደው አቋራጭ በመሃሉ ያልፍ ስለነበር፣ ጀሪካን ያዘሉ ጎረቤቶቻችን ዳገቱን መዞር ጀመሩ። ዛሬ ስጽፈው ነገሩ ግልጽ ነው፤ ያኔ ግን ለእኔ አጥር አጥር ነበር፣ ተረትም ተረት።

አንድ ምሽት ኦቦ ገመዳ መንገድ ላይ ስለተኛ ጅብ ነገሩን። ጅቡ ወደ ውኃ የሚወስደውን መንገድ የኔ ነው ብሎ ተጋደመበት፤ እንስሳቱም ፈርተው በሌላ ዞሩ። ውሎ አድሮ መንገዱን ሣር ዋጠው። ጅቡ የታመመ ዕለት ጠያቂ አጣ፤ ወደ እሱ የሚያደርሰውም ያው የዘጋው መንገድ ነበርና።

ሌሎቹን ልጆች አንዴ ብቻ ያስተረኩ ሰውዬ እኔን ሦስት ምሽት አቆሙኝ።

«ጮክ በይ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አርጅቻለሁ፤ አይሰማኝም» ይሉኛል።

አመንኳቸው። ጆሯቸው ግን የድመት ኮቴ ሳይቀር ይሰማ ነበር።

በሦስተኛው ምሽት ድምፄ ወጣ። ደስታዬን መቻል አቅቶኝ ተረቱን ደብተሬ ላይ ጻፍኩትና በኩራዝ ብርሃን ለአባቴ ቆሜ አነበብኩለት። እናቴ መሃል ላይ ተነስታ ወጣች። አባቴ እስክጨርስ ጠበቀና ማን እንደነገረኝ ጠየቀኝ። ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም፤ ፊቱን ሳየው ግን ለኦቦ ገመዳ እንጀራ ፈራሁ።

«ራሴ ነኝ የጻፍኩት» አልኩ።

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። አባቴ ደብተሩን ወስዶ ትራሱ ሥር ከተተው። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከአጥሩ ሁለት ቆርቆሮ ተነቅሎ አገኘሁ። ኦቦ ገመዳ ስነግራቸው እሳቱን ቆስቁሰው «ጎበዝ» ብቻ አሉኝ። ሆን ብለው ልከውኝ እንደሆነ ሳልጠይቃቸው አረፉ።

ባለፈው ወር መጽሐፌ ሲመረቅ፣ መድረክ መሪው ድምፅዋን ለለውጥ ያዋለች ደራሲ ብሎ አስተዋወቀኝ። ተጨበጨበ። እኔ ግን ግራ እንደገባኝ ቆምኩ። ያ አጥር የተከፈተው በእኔ ድምፅ ነው፣ በኦቦ ገመዳ ብልሃት፣ ወይስ አባቴ በልጁ ፊት አፍሮ? የሳቸውን ተረት የኔ ነው ማለቴስ? ከዚያ ወዲህ መጻፍ ያላቆምኩት ያን ውሸት እውነት ለማድረግ ይሆን እላለሁ አንዳንዴ።

ከመድረኩ ስወርድ አባቴ መጽሐፉን ሳይገልጠው ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ጠበቀኝ። አርጅቷል። ጎንበስ ስልለት በሹክሹክታ «በዚህኛውስ ጅቡ እኔ ነኝ?» አለኝ።

«ጮክ በል አባዬ፣ አልሰማሁህም» አልኩት።

ሰምቼው ነበር። ለምን እንደዚያ እንዳልኩት ግን እስካሁን አላውቅም።