ዦምቦር የቀባው እንቁላል

ዦምቦር ሴት ለክፎ ስለማያውቅ፣ በሃንጋሪዋ ሴገድ ከተማ ያለን ተማሪዎች ሁሉ ልቡ ወደ ወንድ ነው ብለን ደምድመን ነበር። እሱም አላስተባበለም፤ አብራኝ የምትኖረው ኤመሼ እንደ እህቷ ቆጥራው ትከሻው ላይ ስትደገፍ፣ ያን ማጣት ፈራ። ለፋሲካም ከእኛ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጦ እንቁላል ቀባ።

በፋሲካ ማግስት ሰኞ ጠዋት፣ ወንዶች በወደዷት ልጅ ጸጉር ላይ ሽቶ ረጭተው ከእሷ የተቀባ እንቁላል በሚቀበሉበት ቀን፣ የቲሳ ወንዝ ጉም መስኮታችን ላይ ተኝቶ ሳለ በራችን ተንኳኳ። ዦምቦር ነው፤ ሽቶ ይዟል።

“አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ?” አለችው ኤመሼ።

“ካወቅኩሽ ጀምሮ። ከተቀየምሽኝ እመለሳለሁ።”

“ስንት ምስጢሬን ሰምተህ፣ አንተ ሌባ።”

ጸጉሯን ፈትታ ጎንበስ አለችለት። ከዚያ ከትራሷ ስር፣ እሱ ራሱ የቀባውን ሰማያዊ እንቁላል አውጥታ ሰጠችው።