ብቻዋን የተተከለች አና

እናቴ ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ካለው ጓሯችን አሥራ አንድ እግር ቡና ነቅላ አፕል የተከለችው በጎረቤታችን ቃል ተማምና ነው። ሰውየው ጡረታ ከወጣ በኋላ ችግኝ ይሸጥ ነበር፤ "ከጨንቻ የመጡ፣ የተዳቀሉ ናቸው" ብሎ ሸጠላት። ስድስት ዓመት ቅጠል ብቻ አየን። ሰፈሩ ሲጠይቀው "ዝርያው ጥሩ ነው፤ አያያዙን አላወቀችበትም" አለ። እናቴ ሰፈሩ ሁሉ የጎመን ዘር የሚለምናት ሴት ነበረች። ከዚያ ወዲህ የሚለምናት ጠፋ።

እኔ ጋዜጠኛ ነኝ፤ ሳላጣራ አልጣላም። ለሥራ ጨንቻ ስሄድ አንድ ችግኝ የሚያፈላ ሰው አነጋገርኩ። ከዘር የበቀለ አፕል እናቱን አይመስልም፤ ስለዚህ ከጥሩ ዛፍ የተቆረጠ ቅርንጫፍ በሌላ ግንድ ላይ ይጣበቃል፤ የተጣበቀበትም ቦታ እንደ ጉልበት ያብጣል። የተዳቀለ የሚባለው ይህ ነው። አና የሚባለው ዝርያ መነሻው እስራኤል ነው፤ ዶርሴት ጎልደን ደግሞ ባሃማስ። ሁለቱም ብዙ ብርድ አይሹም።

"አናን ግን ብቻዋን እንዳትተክል" አለኝ፤ "ዶርሴት አጠገቧ ከሌለ አበባዋ ይረግፋል።"

ጅማ ተመልሼ የእናቴን ዛፎች አንድ በአንድ ዳሰስኩ። እብጠት ያለው አልነበረም።

አልጮህኩም። ከጨንቻ ካመጣኋቸው ሁለት ችግኞች ዶርሴቱን ከጅማ ርቆ ሊሙ ገነት፣ እህቴ ግቢ ተከልኩ፤ አናን ለሰውየው በስጦታ ሰጠሁት። ተደስቶ አላፊ አግዳሚ እንዲያያት ደጃፉ ላይ ተከላት። ስለ ጓደኛዋ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። በሦስተኛው ዓመት አበበች፤ አበባዋ ረገፈ። በዓመቱም እንዲሁ። መንገደኛው "ጋሼ፣ አያያዝ ይሆን እንዴ?" ይለው ጀመር። ያን ስሰማ በተሰማኝ ደስታ ዛሬም አላፍርም።

በመጨረሻ ቤታችን ድረስ መጣ።

"አንተ ልጅ፣ ምንድን ነው የሰጠኸኝ?"

"እውነተኛ አና፣ ጋሼ። እብጠቱን ዳስሰው ይዩት። ጓደኛ ትፈልጋለች፤ ጓደኛዋ እህቴ ግቢ አለች። ቅርንጫፍ ቆርጬ አምጥቼ አናዎ ላይ አጣብቅልዎታለሁ።"

"ታዲያ መቼ?"

"ለእናቴ የሸጡላት የተዳቀለ እንዳልነበረ ለእድሩ ሲናገሩ።"

"ተበቀልከኝ በለኛ!"

"አዎ፣ ጋሼ።"

እሑድ፣ በእድሩ ስብሰባ መሐል ሰውየው ተነሣና አቀርቅሮ፣ የሸጠላት የተዳቀለ እንዳልነበረ አልጎመጎመ። እናቴ ከሴቶቹ ወገን እጇን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

"ኧረ ጮክ ይበሉ! እዚህ አልደረሰም።"

ደገመው። በደንብ ሰምታ ነበር፤ ለሦስተኛ ጊዜም አስደገመችው።